ጋሼ ተድላ በረዶ ሲመርጡ

በየዕድሩና በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አንድ የዕቃ ሊቅ አይጠፋም። ዓሣ አጥምዶ አያውቅም፤ ስለ መንጠቆ ግን ያስተምራል። ዕቃውና ዓለም የተጣሉ እንደሆነ የሚወቅሰው ዓለምን ነው። ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ባለው ሐበሻ ዘንድ ይህን ማዕረግ የያዙት የኤል ሴሪቶው ጋሼ ተድላ ናቸው፤ ሊቀ በረዶ ወመምህረ ስኪ። ስሙን ያወጣላቸው አብሯቸው ወደ በረዶ የሚወጣው ግሩም ነው፤ ያወጣላቸውም በንዴት ነው።

ጋሼ ተድላ ከአራት ዓመት በፊት ከሹፍርና ጡረታ ሲወጡ ለራሳቸው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት አንድ ጥንድ ስኪ ገዙ። እንደ ሰው ስኪ ጠባብ አይደለም። ወገቡ ከመዳፍ የሰፋ፣ ፊቱና ኋላው እንደ ታንኳ ወደ ላይ የተቀለበሰ፣ ሜዳ ላይ ሲያስቀምጡት መሬት የሚነካው መሃሉ ብቻ የሆነ ጉድ ነው። ይህን ቅርጽ የማያውቅ ምእመን የለም። በደምመላሽ ሠርግ ላይ የሙሽራውን ማንኪያ አንስተው አጎበጡና «ይኸውልህ፣ ሮከር ማለት ይህ ነው። ጫፉ ወደ ላይ ስለሚያይ ጥልቅ በረዶ ውስጥ አይቀበርም፤ ይንሳፈፋል!» አሉ። ሙሽራው ኬኩን በሹካ በላ።

አማርኛ ይህን ሁሉ ዓይነት «በረዶ» ብሎ ማለፉ ስላናደዳቸው ራሳቸው ስም አወጡለት። አዲስ የወረደው ለስላሳው «ዱቄት»፣ ረግቶ የጠጠረው «መስታወት»፣ ፀሐይ ያቀለጠው «አጥሚት»፣ ሰው ሲመላለስበት የተቆራረጠው «ፍርፍር» ተባለ። ሰፊው ስኪ የተሠራው ለዱቄት ነው። እሳቸው ወደ ታሆ ተራሮች በወጡ ቁጥር ግን ዱቄቱ ወይ ትናንት አልቋል፣ ወይ ነገ ይመጣል።

መስታወት ላይ ስኪው ጥርሱ እንደወለቀ ሽማግሌ ነው፤ በረዶውን የሚነካው ጠርዝ አጭር ስለሆነ መንከስ አይችልም። «ጥፋቱ የበረዶው ነው» ይላሉ ጋሼ ተድላ፣ በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ። ፍርፍር ላይ እያንዳንዱ ጉብታ ሰፊውን ፊት እየመታ ወደ ጎን ይወረውራቸዋል። «ጥፋቱ የበረዶው ነው።» አጥሚት ላይስ ደህና ይሄድላቸው ነበር፤ ጠባቡ ሲሰምጥ ሰፊው ከላይ ከላይ ይንሸራተታል። ግን ይህንኑ ለማስረዳት በየመታጠፊያው ስለሚቆሙ እሳቸው ሳይወርዱ ሰው ወደ ላይ የሚያወጣው ሊፍት ይዘጋል።

ግሩም በዚህ ሁሉ ይስቅ ነበር። መሳቁን የተወው ባለፈው ጃንዋሪ ነው።

ዳውንታውን ኦክላንድ ቢሮ የሚሠራው ግሩም አንድ ልጅ አለችው፤ ሩቲ። በመጪው መስከረም ኮሌጅ ገብታ ከቤት ትወጣለች። ድሮ በእግሮቹ መካከል ቆማ እየጮኸች የምትወርድ ልጅ አሁን ቀድማው ትደርስና ስልኳን እያየች ትጠብቀዋለች። «ዳድ፣ ኢትስ ኦኬ፣ ቴክ ዩር ታይም» ትለዋለች። ይህ ለግሩም ከስድብ ይከፋል። ከመሄዷ በፊት የሚመኘው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ጊዜ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጎን ለጎን አብሯት መውረድ።

በዚያ ጃንዋሪ ታሆ እንደደረሱ ይህን ምኞቱን ለጋሼ ተድላ ነገራቸው። እሳቸውም እዚያው ፓርኪንጉ ውስጥ ሰፊውን ስኪ ከመኪናው ጣሪያ አውርደው ማሰሪያውን በጫማው ልክ አስተካከሉለት።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ መስታወት ነው!»

«ለእኔ ነው መስታወት። በአንተ ጉልበት ሁሉም ዱቄት ነው። እንካ!»

እምቢ ማለት ነበረበት። ግን እኚህ ሰው አሜሪካ ሲገባ ከኤርፖርት የተቀበሉት፣ በካሊፎርኒያዋ ኒውአርክ መጋዘኖች መካከል መኪና መንዳት ያስተማሩት ናቸው፤ ፈተናውን ደጋግሞ የወደቀው በእሳቸው ምክር ቢሆንም። ታላቅ ሰው በሁለት እጁ የዘረጋውን ዕቃ እንዴት አድርጎ ይመልሳል? ይሉኝታ ያዘውና ተቀበለ።

ከሊፍቱ ወርዶ ሳይቆም ወደቀ። ተነሣ፤ ወደቀ። ስኪው እንደ ትሪ ወደ ጎን ይሸሻል እንጂ አይታጠፍም። ሩቲ ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ የትምህርት ቤት ጓደኞቿን አየች። «ዳድ፣ አይል ሲ ዩ አት ዘ ካር» ብላው ሄደች።

ሲመለሱ ጋሼ ተድላ ከኋላ ወንበር «ጥፋቱኮ የበ...» ብለው ሳይጨርሱ ግሩም ፈነዳ።

«ይበቃዎታል ጋሼ፣ ሊቀ በረዶ ወመምህረ ስኪ! ዛሬ ከልጄ የለየኝ የእርስዎ ታንኳ ነው! ስለ በረዶ አንዲት ቃል እንዳይነግሩኝ!»

ሩቲ ኢርፎኗን ከጆሮዋ አወጣች። ጋሼ ተድላ እስከ ኤል ሴሪቶ ድረስ ስለ ትራፊኩ ብቻ አወሩ፤ ይህ ደግሞ ታይቶ አይታወቅም።

በፌብሯሪ ተራራው ላይ ሳያቋርጥ ጣለ። ሩቲ «ዋን ላስት ታይም» ብላ አብራቸው መጣች። ፓርኪንጉ ውስጥ በረዶው እስከ ጉልበት ያሰምጣል፤ እፍ ቢሉት ይበራል። ጋሼ ተድላ እፍኝ ዘግነው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሰፊውን ስኪ አውርደው ግሩም እግር ሥር አኖሩት።

«ደግሞ? ምን አድርጌዎት ነው?»

«የኪራዩን ጠባብ ወዲህ በል።»

«ጋሼ፣ አራት ዓመት የጠበቁት ቀን እኮ ነው!»

«ጠባቡ እንዴት እንደሚሰምጥ በቅርብ ማጥናት አለብኝ።»

«ይዋሻሉ!»

«አዎ፣ እዋሻለሁ። ልጅህ ሊፍቱ ጋ ደርሳለች። ትሄዳለህ ወይስ ስትጨቀጭቀኝ ትውላለህ?»

ግሩም እየተብሰለሰለ ሄደ። ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ለመውደቅ ተዘጋጀ፤ ግን የስኪው ጫፍ ከበረዶው ብቅ አለና ተንሳፈፈ። መታጠፍ ፈለገ፤ ታጠፈ። ኮቴ የለ፣ ድምፅ የለ። ወደ ጎን ቢያይ ሩቲ አጠገቡ ናት። እሷም አየችውና ሳቀች፤ ያን በእግሮቹ መካከል ቆማ ትስቀው የነበረውን ሳቅ። እስከ ታች ድረስ አልተለያዩም።

«ዳድ! ሁ አር ዩ?» ብላ ተጠመጠመችበት።

ወደ ላይ ቀና ሲሉ ጋሼ ተድላ ተራራው ወገብ ላይ እስከ አንገታቸው ተቀብረው ከሩቅ ባርኔጣቸውና ሁለት እጃቸው ብቻ ይታያሉ። እጆቻቸው ሊረዳቸው ለቆመ አንድ ፈረንጅ የሆነ ነገር ያስረዳሉ። አባትና ልጅ በሊፍት ተመልሰው ወደ እሳቸው ወረዱና በእጃቸው ይቆፍሩ ጀመር።

«ጫፉ ተንሳፈፈ?»

«ተንሳፈፈ።»

«ጎን ለጎን?»

«ጎን ለጎን፣ ጋሼ» አለ ግሩም እየቆፈረ።

«እስቲ ንገረኝ። ከላይ ጀምረህ።»

ሲናገሩ የኖሩት ሰው ጆሯቸውን ሰጡት። ግሩም መዳፉን እያዘነበለ ተረከላቸው፤ ከጥዱ አጠገብ ያለው መታጠፊያ ላይ ደረሰ።

«እሱ ላይ» አሉ ጋሼ ተድላ ከጉድጓዳቸው፣ «ወደ ኋላ ተደግፈሃል። ከዚህ ሆኜ ሳይህ ነበር። ሰፊ ስኪ ላይ መሃል ነው የሚቆመው።»

አካፋ ቢኖረው ግሩም መልሶ ይቀብራቸው ነበር። ስላልነበረው ከአንገታቸው ላይ በረዶውን እየጠረገ፣ «እሺ ጋሼ፣ እንዴት ነበር ማድረግ የነበረብኝ?» አላቸው።