ፈታኞቼን ያሳቅኩበት ማክሰኞ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ፈታኞቼን ባሳቅኩበት ማክሰኞ ነው። አገራችን ቀልድ ትወዳለች፤ ቀልደኛን ግን ለሠርግ ትጠራዋለች እንጂ ለሥራ አታጨውም። ግጥምም እንዲሁ ነው። ገጣሚ ሲባል ሁሉም ያጨበጭባል፤ ልጁን ለገጣሚ የሚድር አባት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። እናንተ ካጋጠማችሁ ጠቁሙኝ።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። አዳማ ተመልሼ መጀመሪያ ያነበብኩት ግን በየሰሌዳው የተለጠፈውን የሥራ ማስታወቂያ ነበር። አትናቁት፣ ራሱን የቻለ የምናብ ድርሰት ነው። «አዲስ ተመራቂ፣ የአምስት ዓመት ልምድ ያለው» የሚባል ገጸ ባሕርይ ሌላ የት ይገኛል? ፍራንኮ አካባቢ አስፋልት ዳር አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ የሚሸጠው ወዳጄ ከድር፣ ቆሜ ስገልጥ ባየኝ ቁጥር «አንተ ደግሞ፣ ሥራ እስክታገኝ ሸቀጤን አንብበህ ልትጨርሰው ነው!» ይለኛል።

እና ያ ማክሰኞ። አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ይፈልጋል ተባለና ለቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። ከፈታኞቹ ጀርባ በመስኮቱ የኒም ዛፍ ይታያል፤ ከመስኮቱ ሥር አንድ ጠረጴዛና ባዶ ወንበር። የኔ ናቸው ብዬ ዓይኔን ጣልኩባቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ተፈራ ማስረጃዬን አዩና «ሥነ ጽሑፍ ነው እንዴ? በል እስቲ፣ አንድ ግጥም ወርውር!» አሉ። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ጣሪያው ላይ አንድ ማራገቢያ ሲጢጥ እያለ ይዞራል። ወረወርኩ፦

ቀን ሙሉ ይዞራል፣ ነፋስም አያመጣ፣
እንደ እኔ ነው መሰል፣ ሥራ ፍለጋ ወጣ።

ጋሽ ተፈራ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ፣ የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛዋን እትዬ ዘይነባን «ሂጂ፣ የሒሳብ ክፍሎቹን ጥሪያቸው፤ ይህማ አያምልጣቸው!» አሏቸው። ደገምኩላቸው። ሁሉም ሳቀ። «ጉድ ነህ አንተ! እንደውልልሃለን» ብለው ሸኙኝ። ጥርስ ባዳ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የፈታኝ ጥርስ ይበልጥ ባዳ መሆኑን ግን ማንም አልነገረኝም።

አይታሙም፣ ደወሉ። እትዬ ዘይነባ ናቸው።

«የኛ ገጣሚ! ሒሳብ ሹማችን ተዛውሮ ሊሄድ ነው፤ ለሽኝቱ ግጥም ይዘህ ከች በል።»

«የፈተናው ነገርስ እትዬ?»

«አብሽር፣ እሱም ይደርሳል።»

ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መሥሪያ ቤት ያለ እኔ ግጥም የተዛወረ፣ ያገባ፣ ጡረታ የወጣ የለም። ስንቱን ሸኘሁት መሰላችሁ! እኔ ግን ገና አልገባሁም።

ለምን ትሄዳለህ ትሉኝ ይሆናል። ለወንበሩ ነው። በሄድኩ ቁጥር በዚያ ክፍል በር በኩል አልፋለሁ። ሌላ ሰው ተቀምጦበት ባገኝ ኖሮ ረግሜው እፎይ እል ነበር። ማንም አልተቀመጠበትም። ካርቶን ተቀምጦበታል። ሰው ቢያሸንፈኝ ምን ነበረበት? ያሸነፈኝ ካርቶን ነው። ኒሙ ሲያብብም ቅጠሉን ሲያራግፍም ከኮሪደር ቆሜ አየሁት፤ ከወንበሩ ላይ ሆኖ ማየት እንዴት ያለ ይሆን እያልኩ። ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሰው በስልክ «ሥራ እየገባሁ ነው» ሲል ስሰማ፣ ያቺ ተራ ዓረፍተ ነገር ካነበብኩት ግጥም ሁሉ ትበልጥብኛለች።

ባለፈው ዓርብ የጋሽ ተፈራ የጡረታ ተራ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። ጋቢ አልብሰዋቸዋል፤ በዚያ ሙቀት! ግጥሜን አነበብኩ፣ አጨበጨቡ። ከመድረክ ልወርድ ስል እግሬ እምቢ አለኝ። እኚህ ሰው እኮ ነገ ቤታቸው ሊቀመጡ ነው፤ መልሴንም ይዘውት። ድምፅ ማጉያውን እንደያዝኩ፣ «ጋሽ ተፈራ፣ ያኔ ፈተናውን አለፍኩ ወይስ ወደቅሁ?» አልኳቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁ።

«ጋሽዬ፣ ግጥሙ አልቋል» አልኩ። «ይህ ጥያቄ ነው። ይመልሱልኝ።»