ነብሩ የማን ልጅ ነው?

የበደለኝ ሰው ስሙ ጥቁር ነብር ነው። አትሳቁ፤ እናቱ ያወጣችለት አይመስለኝም። በስልክ ጨዋታ ላይ ሰው ሁሉ ስሙን ለራሱ ያወጣል፣ የአባት ስም የሚባል ነገር የለም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ብልግናው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዲላ ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር አፉን ቢከፍትብኝ የማን ልጅ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። አባቱን ባላውቅ አክስቱን አላጣም፤ ወዲያው አንገቱን ይደፋል። ነብርን ግን በማን አስፈራራዋለሁ?

እህቴ ጥሩነሽ ፍስሐ ገነት ከተማ ነው የምትኖረው። እግሯን ከታመመች ወዲህ ከቤት አትወጣም። ልጄ ሉዶ የሚሉትን ጨዋታ በሁለታችንም ስልክ ላይ ጫነችልንና፣ ከሰዓት ከሰዓት እየተጫወትን በዚያው እናወራ ጀመር። ከመርፌው ይልቅ እሱ ተሻላት። ታዲያ ጨዋታው ውስጥ የማናውቀውም ሰው ይገባል፣ ድምፁም ይሰማል። ነብሩም እንዲሁ ገባ።

ጥሩነሽ ጠጠሩን በላችበት። ስድስት ወጥቶላት፣ በሕጉ ነው የበላችው። እሱ ግን "እርስዎ" የሚባል ቃል ሳይማር ነው ያደገው፤ "አንቺ አሮጊት" ብሎ ጀምሮ "ይልቅ መቃብርሽን አስቆፍሪ" ብሎ ጨረሰ። ይህ ለታመመ ሰው ይባላል? ጥሩነሽ ከጨዋታው ወጣች። ብደውልላት፣ ጨዋታው ይቅርብኝ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በስልክም ከ"ደህና ነኝ" ሌላ ቃል አልወጣት አለ።

ለልጄ ብነግራት ድምፁን ዝጊው አለችኝ። አስተማሪ ናትና ምክር አታጣም። እኔ ጆሮዬን ብዘጋ እሱ አፉን ይዘጋል እንዴ? ተመልሼ ገባሁና የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቅሁት። "የነብር" አለ፤ በጨዋታው ክፍል ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እንግዲህ እኔም ምላስ አልተነፈግሁም። ስለ ነብርና ስለ ድመት፣ ስለ አስተዳደግም ትንሽ ተናገርኩ። ትንሹ ረዘም ያለ ነበር።

ነብሩ ከሰሰኝ። ለካ እዚያ አንድ ነገር ሲጫኑ ክስ ነው። ዳኛው ማሽን ነው፤ ምስክር አይጠራ፣ ማን ጀመረ አይል። ልጄ የመጣውን ጽሑፍ አንብባ ሳቋን ለማፈን ስትታገል ቆየችና፣ "እማ፣ በመጥፎ ጠባይ ታግደሻል ይላል" አለችኝ። ሰፈሩ ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠራኝ እኔ፣ በጠባይ ታገድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ከመውጣቷ በፊት ይዤ በአዲስ ስም እንድትመዘግበኝ አደረግኋት። ለጥሩነሽም ደወልኩና፣ አትጫወቺ፣ ገብተሽ ስሚ ብቻ ብዬ ለመንኳት። ነብሩ እዚያው ክፍል ሌላ ምስኪን እየዘለፈ ነበር። ስሜ ከሁሉም ፊት ብቅ አለ፦ የጥቁር ነብር እናት። እኔም ድምፄን እንደ ቅቤ አለሳልሼ፣ "ልጄ፣ ፊትህን ታጥበሃል?" አልኩት።