ከኋላችን ያለው ጫካ

ደረቅ ቅጠል ለማየት ብሎ ባቡር የሚሳፈር ሐበሻ ካያችሁ አትጠራጠሩ፣ ጉራ ነፍቶ ማምለጫ ያጣ ነው! ከየት አወቅህ ትሉኝ ይሆናል... ከራሴ ነዋ!

ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ሰፈር በምሠራበት መጋዘን፣ ጥቅምት ሲገባ የፈረንጁ ወሬ ሁሉ ቅጠል ነው። የሥራ ባልደረባዬ ኸር ኬለር፣ በእኛ አቶ ኬለር፣ "አንተስ የት ሄደህ አየህ?" አለኝ። "የትም" ብል ምን ነበረበት?

"እኛማ በየዓመቱ ነው የምንሄደው! ዘንድሮም እሑድ እንሄዳለን።"

"ግሩም! ፎቶው ሲታጠብ አምጣና አሳየኝ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለጽጌ ነገርኳት።

"ምን ልናይ?"

"ቅጠል። ቢጫና ቀይ ይሆናል።"

"ታሞ ነው?"

"ኧረ ቆንጆ ነው ይላሉ!"

"እንግዲያው ሰው እንጥራ፤ ብቻችንን ስንዞር ዘመድ የላቸውም እንባል?"

ጄኔቫ፣ ሻትሌን ሰፈር ለሚኖረው የወሎ ወዳጄ ለሰይድ ደወልኩ። "ቅጠሉን ተወውና ምን ይበላል?" አለኝ። አራት ቀን ሙሉ በስልክ ተከራከርን። የእኛ ሥጋ ለእነሱ አይሆን፣ የእነሱ ለእኛ አይሆን... በመጨረሻ ጎመን አስታረቀን። "ቅጠል አይደል ያማራችሁ?" አለ ሰይድ። የምንሄድበትን ጫካ ስም ግን አንዳችንም አልጠየቅንም።

እሑድ ሰይድና ሚስቱ ዘይነባ ድስታቸውን ታቅፈው ዙሪክ ደረሱ፤ ፈረንጁን ሁሉ ተከትለን በባቡር ከከተማ ወጣን። ጫካው እውነትም ያምራል! ካሜራዬን ወደ ዛፉ ሳነሣ ጽጌ ጮኸች።

"ሰው ሳይኖርበት?!"

ዛፉ ፊት ገብታ ቆመች። ዘይነባ ሻሿን አስተካክላ ተከተለች። ሰይድ ኮቱን ቆለፈ። "ጠጋ በሉ!" "እግሬ እንዳይቆረጥ!" መንገደኛውን ሁሉ አንሣን እያልን አስቸገርነው። ባልና ሚስት ለብቻ፣ ሴቶቹ ለብቻ፣ ከድስቱ ጋር... ፊልሙ አለቀ።

ታጥቦ ሲመጣ ሠላሳ ስድስቱም ፎቶ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ቆመናል። ቅጠል የሚባል ነገር የለም! አሁን ይሄን ሰውዬ ምን ልለው ነው?

ኸር ኬለር ሁለት ጊዜ አገላበጠው። 

"ጫካው የታለ?"

"ከ... ከኋላችን ነው።"

የራሱን ፎቶዎች ከቦርሳው አወጣ። ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ... ሰው ግን በአንዱም የለም። "ሁልጊዜ ብቻዬን ነው የምሄደው" አለኝ። አንጀቴን በላው። ከዚያ የእኛን እንደገና አየና፣

"በሚመጣው ዓመት እኔ የት ጋ ልቁም?" አለ።

"መሃል!" አልኩት በደስታ።

የሰውዬው ቁመት ከሁለት ሜትር አያንስም... ለጫካው አበቃለት!