ፈረሱ ያሻገረኝ ድንበር

ሰው የማያውቀውን አገር ታሪክ ለመጻፍ አይደፍርም፤ የሚደፍረው መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤት ሲደፍር ደግሞ ራሱ አይጽፍም፤ ባለሙያ ያዛል። ባለሙያው እንግዲህ እኔ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ ደብረ ማርቆስ ተምሬ፣ ከቤት እስከ ገበያ በባጃጅ ስመላለስ ኖሬ፣ አንድ ቀን በደብዳቤ የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ተብዬ ወደ አንድ የገጠር ወረዳ ተመደብሁ። የወረዳውን ስም አልጠራም። ለምን እንደሆነ ስትጨርሱት ትረዱኛላችሁ።

ወረዳችን ስለ መልክዓ ምድሩ፣ ስለ ታሪኩና ስለ ሕዝቡ የሚናገር መጽሔት ሊያሳትም ቆረጠ። መልክዓ ምድሩ ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም። “ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ የአየር ጠባይ ያለው” ብዬ ጀመርሁ፤ በአገራችን ይህ ያልተባለለት ወረዳ ካለ ንገሩኝ። ሕዝቡንም “እንግዳ ተቀባይ” አልሁት። “ሕዝባችን እንግዳ ሲያይ በሩን ይዘጋል” የሚል የወረዳ መጽሔት አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ታሪኩ ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ገገመ።

ኃላፊዬ ወይዘሮ ብርቱካን ረቂቁን አገላበጡና ስለ ዳሩ ቀበሌ አንድ መስመር ብቻ እንደጻፍሁ ነገሩኝ። የዳሩ ቀበሌ የሚባለው ከጎረቤት ወረዳ ጋር የምንዋሰንበት ነው። ድንበሩ ወንዝ ነው፤ ከወንዙ ዳር ደግሞ አንድ ሰፊ ጨፌ አለ። በጋ ከርሮ ሌላው ሜዳ ሁሉ ሲያር የዚህ ሣሩ አይደርቅም። ችግሩ ወንዙ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አቅጣጫውን እየለወጠ ጨፌውን አንድ ዓመት ወደ እኛ፣ አንድ ዓመት ወደ እነሱ ያደርገዋል። ስለዚህ ወዲህ ያሉትም “የእኛ ነው” ይላሉ፣ ወዲያ ያሉትም “የእኛ ነው” ይላሉ። ክርክሩ ሽማግሌ አሰልችቶ ፍርድ ቤት ገብቷል። ባለፈው በጋማ ጎልማሶቹ በዱላ ተማትተው የሁለት ሰው ክንድ ተሰብሯል።

ወይዘሮ ብርቱካን ሂድና ከሽማግሌ አፍ ስማ፣ እዚህ ቁጭ ብለህ አትፍጠርብኝ አሉኝ። “አትፍጠርብኝ” ያሏት ነገር ትንሽ ከነከነችኝ። እውነት ናታ።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ማክሰኞ በማለዳ ተነሣሁ። ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት ድረስ ወሰደኝ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጭቃ ነው፤ የጭቃ መድኃኒቱ ደግሞ ፈረስ ነው። ለገበያ የመጣ አንድ ሰውዬ ቡላ ፈረሱን አከራየኝ። ወንዙ ዳር ወዳለው ቀበሌ እንደምሄድ ነገርሁትና መንገዱን ብጠይቀው፣ ልጓሙን ላላ አድርግለት፣ እሱ ራሱ ያውቀዋል አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያውቀዋል። እኔ ሳልጠይቅ የቀረሁት የማንን መንገድ እንደሚያውቅ ነው። አበው ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ፤ የት እንደሚያደርስ ግን አልጨመሩበትም።

ጉሙ ከፈረሱ ጆሮ ወዲያ ያለውን አያሳይም። በስልኬ ካርታ ልመልከት ብል ኔትወርክ የለም። ሦስት ወንዝ ተሻገርን። ከሦስቱ አንዱም “ድንበር እኔ ነኝ” አላለኝም፤ ሁሉም ያው ጫማ የሚያርስ ውሃ ነው። ከሦስተኛው ጥግ አደይ አበባ የለበሰ ሜዳ አገኘንና፣ እንዴት ያምራል እያልሁ አለፍሁት። ያ ነው እንግዲህ የሰው ክንድ የተሰበረበት ጨፌ።

ፈረሱ አንድ ግቢ ደጃፍ ሲደርስ ቀጥ አለ። ብለው ብሠራው አልሄድ አለኝ። ነጭ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ወጡና ከእኔ አስቀድመው የፈረሱን አንገት ደባበሱ። አያ አንማው ይባላሉ። ፈረሱ የጎረቤታቸው እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከወረዳ ነኝ አልኋቸው። ከወረዳችን? አሉኝ። አዎ፣ ከወረዳችሁ አልሁ። ዳሩ ይህ ነው ወይ ብዬ እኔም ጠየቅሁ። ዳሩማ ይኸው ነው፣ ከዚህ ወዲያ ያለው የእኛ አይደለም አሉኝ።

እስቲ በማን ትፈርዳላችሁ? እሳቸው አንድ ቃል አልዋሹ፣ እኔ አንድ ቃል አልዋሸሁ፤ ተማምነን ተሳሳትን። ይህች “የእኛ” የምትባል ቃል ባለቅኔ የሚፈታት ናት፤ ሰሟ አንድ፣ ወርቋ ሁለት።

ታሪክ በባዶ ሆድ አይነገርም ተብዬ መጀመሪያ በላሁ። ባለቤታቸው ቅቅል ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ፤ እሱን ስጨርስ እርጎ መጣ፤ እርጎውን ስጨርስ ጠላ ተቀዳ። ከዚያ አያ አንማው ደብተርህን ዘርጋ አሉኝና ጀመሩ። አገሩን ያቀኑት አባት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ለታላቁ የወንዙን ወዲህ ማዶ፣ ለታናሹ የወንዙን ወዲያ ማዶ ሰጡ። ታላቁ ጀግና፣ ታናሹ ትንሽ ሰነፍ እንደነበረ አጥብቀው እንድጽፍ አደረጉኝ። ስለ ጨፌው ስጠይቃቸው ግን መጀመሪያ በሩን አዩ። ከዚያ በርጩማቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

“አንተ የወረዳችን ሰው ስለሆንህ አልደብቅህም” አሉኝ። “ጨፌው የብቻችን አይደለም። አባታችን ሲሞቱ መሬቱን ለልጆቼ፣ ሣሩን ለከብቶቼ ብለው ነው። ልጅ ይካፈላል፤ ከብት መካፈል አያውቅም። እኔ ልጅ ሳለሁ የማዶው ከብትና የእኛ ከብት አንድ ላይ ነበር የሚውል። ለብቻችን ነው ማለት የጀመርነው ሙግት ከገባን ወዲህ ነው።”

ታዲያ ይህን ለዳኛው ለምን አልነገሩም ብላቸው፣ እንደ ጅል አዩኝ።

“እነሱ ሁሉንም ሲሉ እኔ ግማሹን ብል፣ ምን ሊተርፈኝ? ሩቡ ነዋ!”

ይህን ነገር ለወረዳችን ሽማግሌዎች ብቻ እንደማነበው፣ ይታተም አይታተም የሚሉትም እነሱ እንደሆኑ ነገርኋቸው። ከወረዳችን እንዳይወጣ ብቻ አሉኝ። ቃል ገባሁ። ቃሌን ስሰጥ ነገሩ ከወረዳው ወጥቶ እንደነበር ያወቀ ያ ፈረስ ብቻ ነው። ስመለስ ጉሙ ተገፎ ነበር፤ እኔ ግን የጠላው ጉም ውስጥ ስለነበርሁ አሁንም ምንም አላየሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከየቀበሌው አንድ አንድ ሽማግሌ ተጠርቶ በወረዳው አዳራሽ ረቂቁ ተነበበ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ እንደ ዜና አንባቢ ድምፄን አወፍሬ አነበብሁ። የዳሩ ቀበሌ ሽማግሌ አያ ታምሩ ከፊት ተቀምጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የተኙ መስሎኝ ነበር። ታናሹ ልጅ ሰነፍ ነበር የምትለዋ ላይ አንድ ዓይናቸው ተከፈተ። ጨፌው ላይ ስደርስ ሁለተኛውም ተከፈተ። አንብቤ ስጨርስ ወይዘሮ ብርቱካን አስተያየት ጠየቁ፤ አያ ታምሩ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

ልጁ ጥሩ አንብቧል አሉ። ነገር ግን ይህ አንማው የሚለው ሰው የእኛ ቀበሌ ሰው አይደለም፤ የማዶ ሰው ነው። የአጎቴ ልጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ዳኛ ፊት ተፋጥጠን ነበር አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወይዘሮ ብርቱካን አልሳቁም። እኔን አላዩኝም፤ ጣራውን ነው ያዩት። ጆሮዬ እንደ ፍም ጋለ። በዓይነ ሕሊናዬ ዕቃዬን ባጃጅ ላይ ጭኜ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ ታየኝ። የባሰው ግን ከሳቁ በኋላ መጣ። ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጣ አንድ የቀበሌ ሹም ብድግ ብሎ፣ አሁን አገኘናቸው፣ በገዛ አፉ አምኗል፣ ይህ ወረቀት ዛሬውኑ ለጠበቃችን ይሰጥ አለ። ብዙ ሰው አጨበጨበ።

ያን ጊዜ እዚያ ቤት የበላሁት ድንችና የገባሁት ቃል ትዝ አሉኝ። ደፋር ሰው አይደለሁም፤ በስብሰባ ላይ እጄን የማወጣው ሻይ ዕረፍት መቼ ነው ብዬ ለመጠየቅ ነው። ሆኖም ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ የውስጥ ኪሴ ከተትሁት። ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ሰውየው ግን የነገሩኝ አምነውኝ ነው፣ አልሰጥም አልሁ። ድምፄ የዜና አንባቢ ሳይሆን የፍየል ግልገል ሆኖ ነው የወጣው።

ሁሉም አያ ታምሩን ተመለከተ። እሳቸው ገና አልተቀመጡም ነበር።

“ኪስህ ውስጥ ይቀመጥ” አሉኝ። “ምን ብዬ ነው የምከስበት? አባታችን ያሉትን እኔስ አጥቼው ነው? እኔም ሁሉንም ያልሁት፣ ግማሹን ብል ሩቡ ይደርሰኛል ብዬ ነው።”

ከዚያ ወደ ሹሙ ዞረው፣ ማስረጃ ከፈለግህ እኔንም ጨምረህ ጻፈኝ አሉት። አሁን ያጨበጨበ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ግን አንገታቸውን ነቀነቁ። አያ ታምሩ በማግሥቱ ወንዙን ተሻግረው የአጎታቸውን ልጅ ደጅ አንኳኩ። እዚያ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ የሰማሁት ክሱ እንደተነሣና የሁለቱም ማዶ ከብት አብሮ እንዲውል እንደተስማሙ ነው። በጥቅምት መጨረሻ እርቁ እዚያው ጨፌ ላይ በግ ታርዶ ሲወርድ፣ ያ የተሳሳተው ልጅ ይምጣ ተባልሁ።

ሄድሁ። ፈረስ ቢያቀርቡልኝ አመሰግናለሁ ብዬ በእግሬ ነው የሄድሁት፤ በየመታጠፊያውም ሰው እየጠየቅሁ ነው የደረስሁት። ልቤን የከበደኝ ግን መንገዱ አልነበረም። ከሁለቱ ወረዳ ሰው ሁሉ መካከል የምፈራው አንድ ሰው ነበር። አያ አንማው ከአያ ታምሩ ጎን ተቀምጠው ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው፤ የማዶው ወረዳ ሰው መሆኔን ሳላስረዳዎት ምስጢርዎን አወጣሁብዎ፣ እኔም የት እንዳለሁ አላወቅሁም ነበር አልሁ።

እሳቸውም እጃቸውን ወደ ገበታው ሰደዱ። ከዚያ ከበጉ ጎድን አንዱን መርጠው በእጄ አስያዙኝ።

“እኔም ከየት እንደመጣህ አላወቅሁም” አሉኝ። “ባውቅማ ኖሮ፣ ደህና አድርጌ ነበር የምዋሽህ።”