የምሳ ሰዓት ሐኪም

ስልኩ ላይ ጥቂት ቪዲዮ አይቶ የአእምሮ ሐኪም የሆነ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ሽሮ ሜዳ፣ እኛ በምንሸምንበት ክፍል፣ ደምሴ የሚባል አለን። ባልደረባችን ታዬ ወንድ ይወዳል የሚል ወሬ ሲሰማ ወዲያው ፈረደ።

«የባሕርይ ቀውስ ነው!»

«ማንን መውደዱና የባሕርይ ቀውስ ምን አገናኛቸው?» አልኩት።

«አንተ ዝም በል፤ ቪዲዮውን አላየህም!»

በማግስቱ፣ ሁላችንም አብረን ከምንበላበት ትሪ የታዬን ምሳ አንሥቶ ለብቻው በሳህን አስቀመጠለት።

«እንዳይጨነቅ ብዬ ነው» አለ።

የሰው ፍቅር በሽሮ ወጥ ይተላለፋል እንዴ? ታዬ አንገቱን ደፋ፤ አልበላም። ተነሥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ከሳህኑ ጠቅልዬ አጎረስኩት፣ እኔም ጎረስኩ።

«በቃ፣ አንተንም ይዞሃል!» ብሎ ጮኸ ደምሴ።

ይያዘኝ።