ለቅሶ በምደባ

የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ ባሕርዩ ሳይጠና እንዲያው በዘፈቀደ ሲያለቅስ ኖሯል። ይህን ኋላ ቀር ልማድ ከጎሮ ምድር ለመንቀል የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ኃይለኪሮስ ታጥቀው ተነሡ፤ ትውልድ ያመስግናቸው።

ነገሩ የተጀመረው አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ በተሰጠ የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። የሥነ ልቦና ሰዎች የሰውን ባሕርይ በአምስት ሰፋፊ መስመሮች እንደሚገልጹት እዚያ ሰሙ፤ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቁቅነት፣ ተጫዋችነት፣ ርኅራኄና የስሜት እርጋታ። የተረፈው ማብራሪያ ከምሳ በኋላ ስለነበር አልደረሱበትም። ምሳው ላይ ግን ነበሩ።

"ሰው ማለት አምስት ዓይነት ነው" እያሉ ቤት ገቡ።

ሥነ ልቦና የምታጠናው ልጃቸው ሊድያ፣ "አባዬ፣ ዓይነት አይደለም እኮ። አምስቱም ሁላችን ውስጥ አለ፤ አንዱ ጋ በዛ፣ ሌላው ጋ አነስ ይላል እንጂ" አለቻቸው።

"በዛ፣ አነስ የጉሊት ወሬ ነው። እኔ የምመራው ተቋም ነው።"

ተቋሙ ጉባኤ ጠራ፤ አባላቱም እየተጠየቁ ተመደቡ። ጥንቁቅ የተባለው ድንኳን ተካይ፣ ርኅሩኅ የተባለው አጽናኝ ሆነ። ተጫዋቹ ሰው ፊት መቆም አይፈራምና አልቃሽ ተደርጎ ተሾመ፤ በዚህ ዘርፍ አንደኛ የወጣው የቤት ደላላው ጉዲና ነው። ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ታስለቅስ የነበረችው የሺአረግ "ዓይን አፋር" ተብላ ወደ ጓዳ ወረደች። ሊቀመንበሩ ራሳቸው በስሜት እርጋታ የሚስተካከላቸው ጠፋ፤ "ቶሎ ሆድ ይብስዎታል?" ሲባሉ "በፍጹም" ብለው ነበርና። የረጋ ሰው ለቅሶ ቤት ሥርዓት እንዲያስከብር እንጂ እንዳያለቅስ በደንቡ ሰፈረ።

ለመጀመሪያው ሟች ጉዲና ደረቱን እየደቃ አለቀሰ፦ "ወይኔ ሰፊው ሰውዬ፣ ጸጥታ ያለው፣ ምንም ክርክር የሌለበት፣ ለአስፋልት ቅርብ የነበረው!" ለቀስተኛው ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ነከሰ።

"በሙያ ሲለቀስ እንዲህ ነው" አሉ ሊቀመንበሩ።

ሞት ደንብ አያነብምና ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአቶ ኃይለኪሮስ እናት አረፉ። አባት በልጅነቱ የሞተበትን ልጅ ብቻቸውን ያሳደጉ እናት ናቸው። ድንኳኑ ገና አልቆመም፤ ጥንቁቆቹ ምሰሶው ቀጥ አላለም ብለው እንደገና ነቅለውታል። ጉዲና ጉሮሮውን ጠረገ። አቶ ኃይለኪሮስ "እናቴን..." ብለው ሊያለቅሱ ሲነሡ የእድሩ ጸሐፊ ፀሐይነሽ ክንዳቸውን ያዘች።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የረጉ ነዎት።"

"እናቴ ናት የሞተችው፣ ፀሐይነሽ።"

"ነፍስ ይማር። ግን ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት። እንሻረው ብንል ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል፤ ከጉባኤው ግማሹ ደግሞ ድንኳን እየነቀለ ነው።"

"እሺ፣ የሺአረግ ታልቅስልኝ።"

"ዓይን አፋር ናት፣ ጋሼ። እርስዎው ፈርመዋል።"

እንዲህ ያለ ግሩም ደንብ አውጥቶ በራስ እናት ላይ ማፍረስ ነውር ነው። አቶ ኃይለኪሮስ እንባቸውን ዋጥ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ፤ የሺአረግ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቢላዋ አነሡ። ሁለት ሦስቴ እንደ ከተፉ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

ፀሐይነሽ ተከትላ ደረሰች። "ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?"

"ሽንኩርቱ ነው" አሉ ቀና ሳይሉ።

ፀሐይነሽ ወደ ሳህኑ አየች። ድንች ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ኃይለኛ ሽንኩርት ነው" አለች። "እስቲ ለእኔም ቢላዋ ያቀብሉኝ።"

ያኔ የሺአረግ ማንንም ሳታስፈቅድ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሙሾዋን አወረደች። የሰማው ሁሉ፣ አጽናኙም ተካዩም፣ ያለ ምደባው እየተነሣ ጓዳ ገባ። ደጅ በደንቡ መሠረት ጸንቶ የቀረው ጉዲና ብቻ ነበር፤ እሱም ጥቂት ቆይቶ በበሩ አንገቱን አስገባና "ድንች ተርፏል?" ሲል ጠየቀ።