የሐጂ ሰይድ ሶሌታ

ሰው ከሰላምታ በኋላ ምን እንደሚጠያየቅ ልብ ብላችሁ ብታዳምጡ የአገሩን ኑሮ ትደርሱበታላችሁ። እኔ ባደግሁበት በደብረ ብርሃን አካባቢ ጤና ከተጠያየቁ በኋላ ወሬው የሚያዘነብለው ወደ ዝናብ ነው፤ ዘነበ፣ አልዘነበም፣ ገብሱን ውርጭ መታው፣ አልመታውም። አሰብ ላይ ግን ዝናብ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ መኖሩን ሁሉም ይሰማል፣ ሲመጣ ያየው ጥቂት ነው። እናም በአርባዎቹ ዓመታት ማብቂያ ላይ፣ በአስተማሪነት ተመድቤ በምኖርባት በዚያች ከተማ፣ «አሰላሙ ዓለይኩም» ተብሎ መልሱ ከተሰማ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ «ሲሚንቶ ገባ?» የሚል ነበር።

ይገባ ነበር፤ ችግሩ መግባቱ ላይ አልነበረም። በመርከብ ይመጣል፣ በወዛደር ጀርባ ይወርዳል፣ በጭነት መኪና ላይ ይቆለላል፣ ከዚያም ዱቄቱን ቅንድባችን ላይ በትኖ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ ሽው ይላል። የአገሩ ሲሚንቶ ሁሉ በደጃችን እያለፈ፣ እኛ አንዲት ግድግዳ ለመለሰን የሚበቃ አጥተን እንኖር ነበር።

ይህ አልበቃ ብሎ ወደቡ በአዲስ መልክ ሊሠራ ነው ተባለ። ተባለና ተጀመረ። ድንጋይ አንሥቶ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ የሚችለውን ሰው ሁሉ ወደቡ ዋጠው። የግንበኛ ደመወዝ ወጣ፤ የቤት ኪራይም ደመወዙን ተከትሎ ወጣ፣ ቀድሞትም ሄደ። አንድ የቆርቆሮ ክፍል የነበረው ሰው ክፍሉን ለሁለት፣ ሁለቱን ደግሞ ለአራት ከፍሎ አከራየ። ፀጉር አስተካካያችን ሳይቀር አንድ ማለዳ ተነሥቶ «ተቋራጭ ነኝ» አለ። አትሳቁ። ግማሽ ጠጉሬን ተስተካክዬ ግማሹ እንደ ጎፈረ የቀረሁበት ቀን አለ፤ «ጠጠር የጫነ መኪና መጣ» ሲባል ሰምቶ መቀሱን አስይዞኝ ሮጦ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ግርግር መካከል ቤት ልሥራ ብለው የተነሡ አንድ ሰው ነበሩ፤ ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ። ከወሎ ወርደው ስኳር፣ ሳሙናና አቡጀዲ የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሐሳባቸው ግን አንዴ ከገባ በመዶሻ የማይነቀል ሰው ናቸው። ሐጂ ሰይድ ቤት የፈለጉት ለኪራይ አልነበረም። ሚስታቸውን ፈልገው ነው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ አሰብ መጥተው ነበር። የመጡት በሐምሌ፣ ያረፉትም ከቆርቆሮ በታች ነው። አሰብን በሐምሌ ያላያችሁ ሰዎች ምን ብዬ ላስረዳችሁ? ሕፃኗ ልጃቸው በሙቀቱ ታመመች፤ እናት ልጃቸውን አቅፈው በመጣው መኪና ተመለሱ። ሲሄዱም አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ሐጂ፣ ከእንግዲህ ከቆርቆሮ በታች አታገኘኝም።» ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስቱ የሚገናኙት ሐጂ ሰይድ ለዒድ ወደ ደሴ ሲወጡ ብቻ ሆነ። ልጅቷ አባቷን እንደ እንግዳ እያፈረች ከበር ጀርባ የምታያቸው ሆነች። ይህን ሲነግሩኝ ሰውዬው ፈገግ ለማለት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ እኔም ዓይናቸውን ላለማየት የሱቁን መደርደሪያ አየሁ።

ስለዚህ ሐጂ ሰይድ ቆርቆሮ አልፈለጉም። ግድግዳውን ከባሕር ድንጋይ ቀስ በቀስ አስገነቡና ለጣራው «ሶሌታ ነው የማደርገው» አሉ። ሶሌታ ማለት ታውቃላችሁ፣ በፌሮ ብረት የተሳሰረ የአርማታ ጣራ ነው፤ ፀሐይ ብትመታውም እንደ ቆርቆሮ ምጣድ አይሆንም። ሲሚንቶውን ያጠራቀሙት ከመኪና ሲወድቅ የተቀደደውን ከረጢት ከሾፌሮች እየገዙ ነበር። ሱቃቸው ውስጥ ደረደሩት፣ አጠገቡ ተኙ። ግን የባሕሩ እርጥበት ለማንም አይመለስም፤ የቆየ ሲሚንቶ እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ሐጂ ሰይድ በየማለዳው ከረጢቶቹን ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው በጣታቸው ኳ ኳ እያደረጉ ያዳምጡ ነበር። አንዱ ድንጋይ በሆነ ቁጥር ቁርሳቸውን ይተዋሉ።

ሌላው ጣጣ ሶሌታ ራሱ ነው። ግድግዳ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ እያሉ ይሠሩታል። ሶሌታ ግን አንዴ መሞላት ከተጀመረ ሳይቋረጥ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት፤ ግማሹ ደርቆ ግማሹ ነገ ቢሞላ መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። የሚያቦካ፣ በባሬላ የሚያመላልስ፣ ከላይ ተቀብሎ የሚያስተካክል፣ ብዙ እጅ በአንድ ቀን ያስፈልጋል። ከተማው ውስጥ ደግሞ አንድ ነጻ እጅ የለም።

እኔ ጋዜጣ አንባቢ ነኝ፤ ስለ ገበያ የሚጻፈውን አላልፍም። ስለዚህ «ሐጂ፣ ቀላል ነው፤ ወደቡ ከሚከፍለው በላይ ይክፈሏቸው» ብዬ መከርኳቸው። ሰውዬው አመኑኝ። የግንበኞቹ አለቃ ካቦ ተስፋይ፣ ከሐማሴን የመጣ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው፤ እሱ ዘንድ ሄደው ዋጋ ጨመሩ። ካቦ ተስፋይ አመስግኖ ሄደ፤ በማግስቱ ያንን ዋጋ ለወደቡ አሠሪ ነገረና የራሱንም የሰዎቹንም ደመወዝ አስጨመረ። ሐጂ ሰይድ እንደገና ጨመሩ፤ ወደቡም እንደገና ጨመረ። በእኔ ምክር ከተማው በሙሉ ተጠቀመ፣ ከሐጂ ሰይድ በስተቀር። ግንበኞቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣ ማንሣት ጀመሩ።

በዚህ መካከል ከደሴ መልእክት መጣ። የወይዘሮ ዘይነባ ወንድም አሕመድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ «በሚቀጥለው ወር ጭነት ልወስድ ስወርድ እኅቴን አመጣለሁ፤ ቤቱን አይታ ካልወደደችው በዚያው መኪና እመልሳታለሁ» ብሎ በሌላ ሾፌር አፍ ላከ። ሐጂ ሰይድ ይህን ሰምተው ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጡ። ሁለቱ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ዓይናቸው መሬት ላይ። ከዚያ ተነሡና ጥምጥማቸውን አስተካክለው «ና፣ መምህር» አሉኝ።

የሄድነው ግንበኞቹ ከሥራ መልስ ወደሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት ነው። ሐጂ ሰይድ አልተቀመጡም።

«ካቦ ተስፋይ፣ ከእንግዲህ ዋጋ አልነግርህም» አሉ። «ሚስቴና ልጄ ሊመጡ ነው፣ ጣራ የለኝም። ደቦ ጠርቻለሁ። የመጣ ይምጣ፣ ያልመጣም ጎረቤቴ ነው።»

ካቦ ተስፋይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ሐጂ፣ ይህንን ከመጀመሪያው ለምን አላሉንም?» አለ። «እኛ የመሰለን እርስዎም እንደ ወደቡ ሊቀጥሩን ነው።»

ደቦ ማለት ሐማሴን ቢሆን፣ ወሎ ቢሆን፣ ሸዋ ቢሆን የሚጠራበት ስም ይለያይ እንጂ ሁላችንም ያደግንበት ነው። ደቦ የተጠራ ሰው «አልመጣም» ለማለት ወይ መታመም አለበት ወይ አገር መልቀቅ። ካቦ ተስፋይ ደግሞ አልታመመም፣ አገርም አልለቀቀም። ያለችው አንዲት ችግር ነበረች፤ የወደቡ ሠራተኛ የሚያርፈው እሑድ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ግንበኞች ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሰንበትን ሽሮ አርማታ የሚያቦካ የለም።

ነገሩ ለመምሬ ዘውዴ ቀረበ። መምሬ ዘውዴ ከጎጃም የመጡ፣ ሙቀቱን እንደ ግል ጠላታቸው የሚያዩ ቄስ ናቸው። በጭራቸው እያራገቡ አዳመጡንና ጠየቁ።

«በክፍያ ነው?»

«አይደለም አባቴ፣ በደቦ ነው» አለ ካቦ ተስፋይ።

«ሰውዬው የሚነግድበት ቤት ነው?»

«ሚስቱንና ልጁን የሚያስገባበት ነው።»

መምሬ ዘውዴ ማራገባቸውን አቆሙ። «ሰውን ከቤተሰቡ ማገናኘት ሥራ አይባልም፤ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን» አሉ። «አንድ ሳንቲም የተቀበላችሁ እንደሆነ ግን ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ ንስሐ ይዛችሁ ኑ።»

እንግዲህ እዩት። ዋጋው በጨመረ ቁጥር የራቀን ግንበኛ፣ ዋጋ ጨርሶ ሲጠፋ መጣ፤ እንዲያውም በገንዘብ ከሆነ ሊመጣ አይችልም። ጋዜጣዬን አገላብጬ ይህን የሚያስረዳ ዐምድ ፈለግሁ፣ አጣሁ።

የቀረው ምግቡ ነበር። ለክርስቲያኑ ክርስቲያን፣ ለእስላሙ እስላም ይረድ ከተባለ ሁለት ድግስ ሊሆን ነው፤ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ፣ ከዚያም ማን አነሰበት የሚል ሐሜት። ሐጂ ሰይድ ትንሽ አሰቡና «ዓሣን ማንም አያርደውም» አሉ። ከራሔይታ የሚመጣ አንድ የአፋር ዓሣ አጥማጅ ደንበኛ ነበራቸው፤ ለእሑድ ጠዋት በጀልባ ሙሉ አምጣ አሉት። ለመጠጥ ብርዝ ተበጠበጠ። ደጋ ያደገ ግንበኛ ዓሣ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚፈልገው እግሩን ነው፤ ጠላ የሌለበት ደቦም ሰምቶ አያውቅም። አንዳንዱ ፊቱን አጨማዶ ሰማ። ግን አንድም አልቀረም።

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ነጠላቸውን አጣጥፈው በቀጥታ መጡ። ጥር ስለነበር ፀሐይዋ ትንሽ አዝናልናለች። የሐጂ ሰይድ ዘመዶችና የሱቅ ጎረቤቶች አሸዋና ጠጠር ይዘው ቆመዋል፤ አፋሮቹ በግመል ጨው የሌለበት ውሃ አመጡ፣ የባሕር ውሃ ፌሮውን ይበላዋልና። ጎረቤት ሴቶች እሳቱን ያዙ። ድንጋይ ካልሆኑት ከረጢቶች የመጀመሪያው ሲቀደድ ሐጂ ሰይድ «ቢስሚላህ» አሉ፤ ካቦ ተስፋይ አማተበ፤ አካፋው ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ መንገር ያቅተኛል። አንዱ በትግርኛ ዘፈን ያወጣል፣ ሌላው በአማርኛ ይቀበላል፣ አፋሮቹ በራሳቸው ቋንቋ ያስጨፍራሉ፤ ባሬላው በመሐል ይሮጣል። እኔም ከአንድ የጉምሩክ ጸሐፊ ጋር ባሬላ ተሸከምኩ፤ ሁለታችንም ከብዕር የከበደ ነገር አንሥተን የማናውቅ ስለሆንን ሰው እየሳቀብን አሳለፈን። ፀጉር አስተካካዩ ተቋራጭነቱን ረስቶ ውሃ አቀበለ። ሐጂ ሰይድ ከወዲህ ወዲያ ይሮጣሉ፣ «አይዟችሁ» ይላሉ፣ ማንም አይሰማቸውም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻው ባሬላ ተገለበጠ፤ ካቦ ተስፋይ በረጅሙ ጣውላ ጫፉን አስተካከለና ቀና አለ። ከታች የቆምነው ሁሉ እልል አልን፤ ወንዱም ሴቱም። ደስ አለኝ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ትንሽ ነው። ዓሣው ቀረበ። እግር የፈለጉት ሰዎች እሾህ ብቻ አስቀርተው ተነሡ።

አርማታውን ከሥር የያዘው ሳንቃና ድጋፍ ሳምንታት ቆይቶ ሲነሣ ካቦ ተስፋይ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አድርጎ ራሱ ከሶሌታው ሥር ቆመ፤ የአገሩ ግንበኛ ደንብ ነው አሉ። የመጨረሻው ድጋፍ ወደቀ። ካቦ ተስፋይ አቧራውን አራግፎ በበሩ ወጣ፣ ሲጋራውን ለኰሰ።

የአሕመድ መኪና በማግስቱ አመሻሽ ላይ ደረሰ። ሞተሩን አላጠፋም። እኛም፣ በአጋጣሚ፣ የደቦው ሰዎች ሁሉ መንገዱ ላይ ነበርን። ወይዘሮ ዘይነባ ልጃቸውን ይዘው ወረዱ፤ ለሐጂ ሰይድ ሰላምታ ሰጡ፣ ገቡ። ግድግዳውን ነኩ። ጣራውን ቀና ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ በጓሮ ባለው ደረጃ ወጡና ሶሌታው ላይ ቆሙ። ከባሕሩ የሚነፍሰው ነፋስ ነጠላቸውን ያዘው። ከታች ሞተሩ ይንደቀደቃል። ሐጂ ሰይድ እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አጣምረው አፈር አፈር ያያሉ።

«አሕመድ፣ ሞተሩን አጥፋ» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ ከላይ። «ዕቃዬን አውርድ። ፍራሹን ግን ወደዚህ አውጡልኝ፤ እኔና ልጄ የምንተኛው እዚህ ነው።»

«ኧረ እመቤት፣ እኛ እኮ የለፋነው ከሥሩ እንዲተኙ ነው» አለ ካቦ ተስፋይ ቅር ብሎት።

«ነፋሱ ያለው እዚህ ነው። ቆርቆሮ ቢሆን ይሸከመኝ ነበር?» አሉት።

ካቦ ተስፋይ ትንሽ አሰበበትና ፍራሹን ራሱ ተሸክሞ ወጣ። ትንሿ ልጅም ከአባቷ ጋር ደረጃውን ስትወጣ እጃቸውን ያዘች። መኝታ ቤት እንዲሆን የታሰበውን ክፍል ሐጂ ሰይድ በሳምንቱ ስኳርና ሳሙና አስገቡበት። ሰንበት በቄስ ፈቃድ የዋለለት፣ ሦስት ቋንቋ የዘፈነለት ጥላ ሥር እስከ ዛሬ ተንደላቆ የሚያድረው ስኳሩ ነው። ግድ የለም፤ ይደርበት።